የእረኛው ውሎም ሥራ ነው

የኅብረተሰብ ሕይወት መሠረቱ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ «ሥራ» ሲባል በአብዛኛው ሰው ኅሊና ፈጥኖ የሚደቀነው የፋብሪካው መዘውር፣ የግንበኛው መዶሻ፣ ቢበዛም የገበሬው ሞፈርና ቀንበር ነው። ከጥዋት እስከ ማታ ጥቂት ፍየሎችን ሲከተል የሚውለው ሕፃን፣ ከጋጣ በጠጥ ስትጠርግ የምታረፍደው እናት «ሥራችሁ ምንድን ነው?» ተብለው ቢጠየቁ ራሳቸው «ምንም» ብለው ሊመልሱ ይችላሉ። ደመወዝ የማይከፈልበት፣ በመዝገብ የማይሰፍር፣ በስብሰባ አጀንዳነት የማይያዝ ድካም ከሥራ ሳይቆጠር ኖሯልና። በዛሬው ጽሑፋችን የምንታገለው ይህንኑ አመለካከት ነው።

በቀደመው ዘመን ገዢዎች «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። በየመስኩ የሚንጎራጎረው የእረኛ ቃል የሰፊውን ሕዝብ ስሜት ይገልጣል ተብሎ ይታመን ነበር። ጥያቄው ግን ለእረኛው ታስቦ የቀረበ አልነበረም፤ መንበሩ ይነቃነቅ እንደሆነ ለማወቅ ሲባል የተጠየቀ ነበር። የሚያስበውን ለመስማት ጆሮ የተሰጠው እረኛ ምን በልቶ እንደሚውል፣ ፊደል ቆጥሮ እንደሆነና እንዳልሆነ የጠየቀ አልነበረም። እኛ ግን ጥያቄውን ለእረኛው ለራሱ ጥቅም ደግመን እናነሣዋለን፤ መልሱንም በጉራጌ ዞን፣ የጉመር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በአረቅጥና በዙሪያዋ ካለው ኑሮ እንፈልጋለን።

የአረቅጥ አካባቢ ደጋ ነው። እንሰት፣ ገብስ፣ ባቄላና ድንች ይበቅልበታል። የሕዝቡ ጥግግት ከፍተኛ በመሆኑ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ በአብዛኛው አነስተኛ ነው። ፍየል በተፈጥሮዋ ብርድና ዝናብ የሚጎዳት እንስሳ ስለሆነች በደጋው የበጉ ቁጥር ያይላል፤ ፍየሉ የሚበዛው ቁልቁል ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ነው። ቢሆንም በሬና ላም የመያዝ አቅም የሌለው ቤተሰብ ከበጎቹ ጋር ሁለትም ሦስትም ፍየል ያስጠጋል። ላም ልትወልድ ዘጠኝ ወር ትፈጃለች፤ የፍየል እርግዝና ግን አምስት ወር ብቻ ነው። በደህና ከተያዘች በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ልትወልድ፣ አልፎ አልፎም መንታ ልትጥል ትችላለች። ስለዚህ ለድኻው ቤት ፍየል ተቀማጭ ገንዘብ ናት። የልጅ ደብተር፣ የታማሚ መድኃኒት፣ የዕድርና የግብር ክፍያ ከእርሷ ይወጣል።

አሁን የዚህን ቤት አንድ ቀን እንመርምር።

በጉራጌ ደጋ እንስሳቱ ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማደራቸው የቆየ ልማድ ነው። ብርዱና ጅቡ ያስገደዱት ልማድ ነው። ጎህ ሲቀድ ሴቶችና ሕፃናት ተነሥተው ያደረውን በጠጥና ጉድፍ ይጠርጋሉ፤ በቅርጫትም ወደ እንሰቱ ጓሮ ያጓጉዛሉ። ግልገሎቹ ይጠባሉ፤ የታመመች ካለች ትለያለች። መንጋው ግን ወዲያው አይለቀቅም። ጤዛው ሳይረግፍ የጋጠ እንስሳ የሆድ ትል ያገኘዋልና እረኛው ፀሐይ እስክትሞቅ ይጠብቃል። ይህን ያስተማረው አያቱ ነው። የእንስሳት ሕክምና ሳይንስም ያንኑ ያረጋግጥለታል፤ የትሉ እጭ ወደ ሣሩ ጫፍ የሚወጣው ሣሩ እርጥብ በሆነበት ሰዓት ነውና። «መሃይም» እየተባለ ሲናቅ የኖረው ሕዝብ በልምድ ያካበተው እውቀት ምን ያህል ተጨባጭ እንደሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከረፈደ በኋላ ከሁሉ የከፋው ድካም ይጀምራል። በግ አቀርቅራ ትግጣለች፤ ፍየል ግን አንገቷን አቅንታ፣ ሲያሻትም በኋላ እግሮቿ ቆማ ቅጠል ትቀነጥባለች። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» የተባለው በከንቱ አይደለም። እረኛው ለአፍታ ቢዘነጋ ከጎረቤት ጓሮ ገብታ ለጋውን እንሰት ታጠፋለች። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ የዓመታት ድካም በአንድ ጉርሻ ሲጠፋ ጉዳዩ ከሽማግሌ ፊት ይደርሳል። እንግዲህ በእጁ ሽመል የያዘው ሕፃን የቤቱን ሀብትና የመንደሩን ሰላም ባንድነት ይጠብቃል ማለት ነው። ሲመሽ መንጋው ይቆጠራል። የጎደለች ካለች ጅብ ሳይቀድም ጨለማውን ሰንጥቆ መፈለግ የዚሁ ሕፃን ዕጣ ነው።

ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? መልሱ ከጥዋቱ ቅርጫት ውስጥ ይገኛል። እንሰት ያለ ፍግ አይጸናም። ፍግ ያለ እንስሳ አይገኝም። እንስሳ ያለ እረኛ አይውልም። ስለዚህ በጉራጌ ቤት ከገበታ ላይ የሚቀርበው ቆጮ ውስጥ የእረኛው ድካም አለ። መሬቱን የሚያለመልመው፣ እንሰቱን የሚያቆመው፣ በክፉ ዓመት ሕዝቡን ከረኃብ የሚያድነው ይህ የማይቆጠር ጉልበት ነው። ከዚያም አልፎ የመርካቶው ተሸካሚ፣ የሱቁ ሠራተኛ፣ የፋብሪካው ወዝ አደር ወደ ከተማ መጥቶ ለመሥራት የቻለው የአገር ቤቱ ጓሮ ወላጆቹንና ልጆቹን ሲመግብለት በመኖሩ ነው። የከተማው ደመወዝ ዝቅተኛ ሆኖ ሊቆይ የቻለበት አንዱ ምክንያት የገጠሩ እናትና ሕፃን ያለ ክፍያ መሥራታቸው መሆኑን ማንም ንቁ ሠራተኛ ሊስተው አይገባም።

ነገሩ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻም አይደለም። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባደረገው ጥናት መሠረት በአገራችን ከ50 ሚሊዮን በላይ ፍየሎች ይገኛሉ። ከእነዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም የአገር በቀል ዝርያ ሲሆኑ፣ እጅግ የሚበዙትም በጥቂት በጥቂቱ በአነስተኛ ገበሬዎችና በአርብቶ አደሮች እጅ ናቸው። ይህን የሚያህል አገራዊ ሀብት በዋናነት የሚጠበቀው ከትምህርት ገበታ በራቁ ወይም ግማሽ ቀን ብቻ በሚማሩ ልጆች ነው። ከዚህ የበለጠ ጎልቶ የሚታይ ቅራኔ ከወዴት ይገኛል?

የእረኛውን ድካም ፍሬ የሚያሳጡት ሦስት ጠላቶች አሉ። በየተራ እንያቸው።

የመጀመሪያው የግጦሽ መጥበብ ነው። የጉራጌ መንደር ጀፎረ የሚባል ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና አለው። በግራና በቀኙ ቤቶች ይሰለፋሉ፤ መካከሉ የማንም የግል ንብረት ሳይሆን የሁሉም ነው። ሠርግና ለቅሶ፣ ሸንጎና ጨዋታ ይካሄድበታል፤ ከብትም ይግጥበታል። ጀፎረን አጥሮ የግል ማድረግ በባህላዊው ሕግ የሚያስቀጣ ነውር ነው። የጋራ ሀብትን በጋራ የመጠበቅ ሥርዓት ከውጭ የመጣብን ትምህርት ነው የሚሉ ወገኖች ጀፎረን ቢያዩት ይበቃቸዋል። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ አጥር እየገፋ፣ ባሕር ዛፍ እየተተከለበት ጎዳናው እየጠበበ ነው። ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ ነገር ግን ቅጠሉን ፍየል እንኳ አትቀምሰውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የባለርስቱን ቀንበር ሰብሮ መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። አዋጁ ጢሰኛውን ነፃ አወጣ እንጂ መሬቱን ሊያሰፋው አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሕዝቡ ቁጥር እጥፍ ድርብ ሆኗል። ጀፎረን በየለሊቱ አንድ ክንድ የሚገፋ ሰው ከጎረቤቱ የሚወስደው የነገውን ፍግና የነገውን ቆጮ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛው ጠላት በሽታ ነው። ደስታ መሰል የሚባለው የበግና የፍየል ወረርሽኝ አንድን መንጋ በቀናት ውስጥ ሊጨርስ ይችላል። አምስት ፍየል ያለው ሰው አራቱ ቢሞቱበት የጠፋው የዓመታት ተቀማጩ ነው። ይህ ግን የማይበገር ጠላት አይደለም። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም ይመረታል፤ አንድ ጊዜ በአግባቡ የተወጋች ፍየል ቢያንስ ለሦስት ዓመት ትጠበቃለች። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች በሽታውን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ከምድር ለማጥፋት ዕቅድ ይዘዋል። የሚቻል መሆኑንም ታሪክ መስክሯል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. የክፉ ቀንን መዓት ያስከተለውና የአገሪቱን ከብት የፈጀው የከብት ደስታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ተረጋግጧል። በዚያ ትግል በአፋር በረሃ መርፌ ይዘው መንጋውን የተከተሉት ማኅበረሰቡ ራሱ መርጦ ያሠለጠናቸው አርብቶ አደሮች ነበሩ። ከመኪናና ከመንገድ ርቆ የሚኖር ሕዝብ ተደራጅቶ ያንን በሽታ ካሸነፈ የአረቅጥ መንደሮች ደስታ መሰልን የማያሸንፉበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛው ጠላት የገበያው ሰንሰለት ነው። በዓል ሲቃረብ አንዲት ፍየል ከገበሬው ደጅ ተነሥታ ወልቂጤ፣ ከዚያም 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አዲስ አበባ፣ ሾላ ወይም አቃቂ እስክትደርስ በብዙ እጅ ታልፋለች። ሰብሳቢው ለነጋዴው፣ ነጋዴው ለሌላው ነጋዴ ሲያሻግር በየመካከሉ ደላላ ይቆማል። ፍየሏን ለዓመት ያህል ያበላና ያጠጣ ቤተሰብ ዋጋዋን አይወስንም፤ በዓል ገብቶበት ለአንድ ዶሮ እንኳ የሚያንሰው ወዝ አደርም ዋጋዋን አይወስንም። የሚወስነው ያላረባትም የማይበላትም መካከለኛ ነው። አራጁና ሻጩ፣ ሠሪውና ሸማቹ እየተጎዱ መሐሉ የሚወፍርበት ሥርዓት በዘመናችንም አልጠፋም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ብክነት አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየበዓሉ ማግሥት በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ገዢ ያጣ ቆዳ ተጥሎ ሲበሰብስ ይታያል። በሌላ በኩል በሞጆና በሌሎችም ስፍራዎች ያሉ የቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ጥራት ያለው ጥሬ ቆዳ ሲያጡ ሥራቸው ይስተጓጎላል። የኢትዮጵያ የፍየል ቆዳ በዓለም ገበያ የተከበረ ስም ነበረው፤ የባቲ ቆዳ ዝና እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ስሙን ያበላሸው ምንድን ነው? ከዋናዎቹ ምክንያቶች አንዱ እከክ ነው፤ ቅማልና መሰል ተባዮች በቆዳው ላይ የሚተዉት ጠባሳ። እከኩ የሚድነው በፋብሪካ ውስጥ ሳይሆን በእረኛው ጋጣ በመድኃኒት እጥበት ነው። እንግዲህ የፋብሪካው ወዝ አደር እንጀራ በአረቅጥ ጋጣ ውስጥ ካለች ፍየል ጤንነት ጋር የተሳሰረ መሆኑን እናስተውል። የወዝ አደሩና የአርሶ አደሩ አንድነት ሲባል ባዶ መፈክር የሚመስለው ካለ ይህችን ቆዳ ይመልከት።

መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች «ዝርያው ይሻሻል፤ የውጭ አገር ፍየል ይምጣ» ይላሉ። ሙከራው ተደርጓል። ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት የአገሬውን ፍየል ከአንግሎ ኑቢያን ዝርያ እያዳቀለ ለድኻ ሴቶች የሚያከፋፍል ፕሮግራም አካሂዶ ነበር። በምሥራቅ ሐረርጌ ደጋ በኋላ የተደረገው ጥናት እንዳመለከተው ድቅሎቹ በገበሬው አያያዝ ከአገሬው ፍየል የተሻለ ጥቅም አላስገኙም። ልዩነት ያመጣው የተሻለ መኖ፣ ጤናና አያያዝ ነበር። «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» እንዲሉ ችግሩ ካለበት ርቆ መፍትሔ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ችግሩ ያለው በፍየሏ ደም ሳይሆን በባለቤቷ ብቸኝነት ነው።

ስለዚህ ቁልፉ መደራጀት ነው። ነገር ግን መደራጀት ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ በግልጽ እንናገር። በ1971 ዓ.ም. የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መመሪያ ወጥቶ መልባ፣ ወልባና ወላንድ የሚባሉ ደረጃዎች ተወሰኑ። መሬትና ከብት ወደ ጋራ እንዲገባ ግፊት ተደረገ። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በታወጀ ጊዜ ገበሬው አብዛኞቹን ማኅበራት በአጭር ጊዜ ውስጥ አፈረሳቸው። በትእዛዝ የቆመ ማኅበር ትእዛዙ ሲነሣ ይወድቃል። ትምህርቱ ግን ገበሬው ኅብረትን ይጠላል የሚል አይደለም፤ ያው ገበሬ ዕድርን፣ ዕቁብን፣ ደቦንና ጀፎረን ማንም ሳያዘው ለዘመናት ጠብቋል። የጠላው ፍየሉን ከእጁ የሚያወጣውን ማኅበር ነው። ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ፍየሏ የባለቤቷ እንደሆነች ጥበቃው፣ ሕክምናውና ሽያጩ በጋራ ይሁን የሚል ነው።

በጥበቃው እንጀምር። ለምሳሌ ያህል አሥር ቤቶች አምስት አምስት ፍየል ቢኖሯቸው ዛሬ ከሃምሳ ፍየሎች ኋላ አሥር ሕፃናት ይውላሉ። ሃምሳ ፍየል ግን ሁለት አዋቂዎች በሚገባ ሊጠብቁት የሚችሉት መንጋ ነው። ቤቶቹ ተራ ቢገቡ እያንዳንዱ ቤት በአምስት ቀን አንድ ጊዜ አንድ አዋቂ ቢያወጣ ይበቃል። አሥሩም ሕፃናት ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። ምንም የውጭ ብድር፣ ምንም አዲስ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ስምምነት ነው። «መንጋ ሲቀላቀል በሽታ ይተላለፋል» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ትክክል ነው። ስለሆነም ያልተከተበች ፍየል ወደ ተራው መንጋ አትግባ የሚል ደንብ መቅደም አለበት። እንዲህ ሲሆን የጥበቃው ኅብረት የክትባቱን ኅብረት ይወልዳል። አባወራውም ሽመሉን ይዞ በተራው ሲሰማራ የእረኛው ውሎ እውነተኛ ሥራ መሆኑን በእግሩ ይማረዋል።

በርቢ ውል ረገድም እንዲሁ። ያለው ለሌለው እንስት ፍየል ሰጥቶ ግልገሉን መካፈል የተለመደ ነው። ድኻው በዚህ መንገድ መንጋ ሊጀምር መቻሉ እውነት ነው፤ የእርሱና የልጆቹ ጉልበት ለባለፍየሉ ሀብት መሆኑም እውነት ነው። ማኅበሩ ከራሱ ቁጠባ እንስት ፍየል ገዝቶ ለድኻ ሴቶች ቢያበድርና የመጀመሪያዋ ሴት ግልገል ለቀጣይዋ ተረኛ ብትተላለፍ መረዳዳቱ ይቀራል ማለት አይደለም፤ የሚቀረው ብዝበዛው ነው።

በሽያጩ ረገድ ከሕንድ ገበሬዎች የምንማረው አለ። በጉጃራት ክፍለ ሀገር የካይራ አውራጃ አንድና ሁለት ጎሽ ብቻ የነበሯቸው ገበሬዎች ወተታቸውን በርካሽ የሚሰበስበውን ድርጅትና ተቋራጮቹን እምቢ ብለው እ.ኤ.አ. በ1946 የራሳቸውን የኅብረት ሥራ ዩኒየን አቋቋሙ። አሙል የሚል የንግድ ስም የያዘው ይኸው ማኅበር በኋላ አገር አቀፍ የወተት ንቅናቄ አስከተለ። አንድ ጎሽ ያለው ሰው ብቻውን በነጋዴ ፊት አቅም የለውም፤ በመቶ ሺህ ሲሆን ዋጋ ይነጋገራል። በእኛም አገር የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ገበሬዎች በፈቃዳቸው ተደራጅተው እንዲነግዱ ይፈቅዳል። የጎደለው ሕጉ አይደለም።

እዚህ ላይ ጥሪያችን ወደ ከተማው አንባቢ ይመለሳል። የመንደር ማኅበራት አባላትና የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሪዎች ሆይ! በዓል በደረሰ ቁጥር ስለ ዋጋ መናር ማማረር መፍትሔ አይሆንም። ከበዓሉ ወራት በፊት ከገበሬዎች ማኅበር ጋር ቀጥተኛ ውል ብትዋዋሉ፣ ብዛቱንና ዋጋውን አስቀድማችሁ ብትወስኑ ሰንሰለቱ ያጥራል፤ ለሻጩ ይጨመራል፤ ለገዢውም ይቀንሳል። በማኅበር የታረደውን ቆዳም በአንድነት ጨው ነስንሳችሁ ለፋብሪካ ብታስረክቡ የሚጥለው መንገድ ሳይሆን የሚጠቅመው ሠራተኛ ያገኘዋል። በከተማ የምትኖሩ የጉራጌ ተወላጅ ወዝ አደሮችና ነጋዴዎች ሆይ! ከ1950ዎቹ ጀምሮ በራሳችሁ መዋጮ መንገድ የሠራችሁና ትምህርት ቤት ያቆማችሁ ናችሁ፤ ይህ ታሪክ ለመላው አገር አርአያ ሆኗል። በየዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ስትገቡ ከክትፎው ጎን አንድ ጥያቄ ይቅረብ፤ በመንደራችን ስንት ፍየል ተከተበ? ስንት እረኛስ ትምህርት ቤት ገባ?

ለአካባቢው አስተዳደርም የምንለው አለን። የክትባት ዘመቻ የሚመዘነው በሪፖርቱ ውፍረት ሳይሆን በጋጣው ውስጥ በተረፈው ግልገል ነው። ጀፎረ በባህላዊው ሸንጎ ብቻ ሳይሆን በመንግሥትም መዝገብ የጋራ ይዞታ ሆኖ ይከበር። የትምህርት ሰዓትም የመንደሩን ኑሮ ተመልክቶ ይደልደል።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሚሊዮኖች ፊደል ሲቆጥሩ እረኛ ሳለ ፊደል ያላወቀ አባትና እናት ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ተምሯል። የዚያ ትውልድ የልጅ ልጅ ዛሬም በትምህርት ሰዓት ከፍየል ኋላ መገኘት የለበትም። ፍየሏም ትኑር፤ እንሰቱም ይለምልም፤ ሕፃኑም ይማር። እነዚህ ሦስቱ የሚጋጩት ቤተሰቡ ብቻውን እስከቆመ ድረስ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አሥር ቤት ቢያብር ሃምሳ ፍየል ጠብቆ አሥር ሕፃን ያስተምራል።

እረኛው ምን አለ? «ተራ ይግባልኝ» አለ። ተራው ይድረሰው።